በየበዓሉ ዶሮ ብቻ? ዶሮን፣ በግንና ቅርጫን በየወቅቱ ስንመርጥ

በ2018 እንቁጣጣሽ ማግስት ታናሽ እህቴ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ፎቶ ለቀቀች። ሰው የለበትም። የሽንኩርት ልጣጭ ጢም ብሎ የሞላበት ማዳበሪያ ብቻ ነው። ከሥሩ «10 ኪሎ። እማዬ ብቻዋን» ብላ ጽፋለች። ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም ትንፍሽ አላለም።

እማዬ 70ን አልፋለች። 10 ኪሎውን የላጠችው ለ5 ዶሮ ነው። 5 ዶሮ ያስፈለገው ደግሞ ሁላችንም ልጆቻችንን አስከትለን እሷ ቤት ስለምንሰፍር ነው። በዚያ ላይ ሽንኩርቱ የክረምት ነበር። ውሃ ያዘለ ነው። ድስት ውስጥ ሲገባ ውሃው አልደርቅ ብሎ ግማሽ ቀን ምድጃ ዳር ያስቆማል።

ክርክሩ ከዚያ ተነሣ። ወንድሜ «ቅርጫ እንግባና እንገላገል» አለ። ታናሽ እህቴ «የተሠራ እንዘዝ» አለች። ሜሪላንድ ያለችው ታላቃችን «እኔ በማሽን ፈጭቼ ነው የምሠራው፤ ማን ሞተ?» ብላ ሳቀችብን። እማዬ ግሩፑ ውስጥ የለችም። ወሬው ሲደርሳት «ዶሮ የሌለበት በዓል እኮ እሁድ ነው» ብላ ዘጋችው።

አልተዘጋም። ገናንና ፋሲካን እየሞከርን፣ እየተጨቃጨቅን አሳለፍናቸው። እኔ የደረስኩበት ይሄ ነው፦ ዶሮ፣ በግና ቅርጫ እያንዳንዳቸው የሚያምርባቸው ወር አላቸው። እኛ ወሩን ረስተን ለሁሉም በዓል አንዱን ድስት እንጥዳለን።

ከመጀመሬ በፊት፣ ዋጋ በብር አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው በዓል መሳቂያ ያደርገኛል።

ሦስቱ ጎን ለጎን

ዶሮ ወጥ ልፋቱ ብዙ፣ ብክነቱ ትንሽ ነው። አንድ ዶሮ ደንቡን ጠብቆ ሲበለት 12 ብልት ይወጣዋል። እንቁላል ሲጨመርበት 12 ሰው በአንድ ዶሮ ይስተናገዳል። እንዲህ የሚብቃቃ ሌላ ሥጋ አላውቅም። ፈረሰኛው ለአባወራው፣ ሌላው እንደየማዕረጉ ይታደላል። ለገንዘብም ይመቻል፤ አቅም ከሌለ አንድ፣ ካለ ሦስት ይገዛል። ግን ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት ይሄዳል። ማጠቡ አለ፤ በሎሚና በጨው፣ ውሃው ኩልል እስኪል። ማቁላላቱ አለ። ይሄ ሁሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ነው።

ዶሮ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። የሀበሻው ትንሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ረጅም ሰዓት እሳት ላይ መቆየት ይፈልጋል። ጣዕሙን ግን የሚስተካከለው የለም። ለሥጋ ተብሎ የሚረባው የፈረንጅ ዶሮ ሥጋው ብዙ ነው፤ ወጥ ውስጥ ሲቆይ ግን ከአጥንቱ ይላቀቃል። መላላጫው የቱ፣ ክንፉ የቱ እንደሆነ ይጠፋል። መካከለኛዋ እንቁላል መጣል ያቆመች የፈረንጅ ዶሮ ናት። ሥጋ አላት፣ እሳትም ትችላለች። ለብዙ ሰው ሲሠራ እኔ እሷን ነው የምመርጠው። እማዬ ፊት ግን ይሄን አልናገርም።

በግ ሌላ ነገር ነው። ገንዘቡ በአንዴ ይወጣል። ልፋቱ ግን ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ወንዶቹ ያርዳሉ፣ ይገፋሉ። አንዱ ጨጓራ ያጥባል፣ ሌላው ለዱለት ይከትፋል። ጠዋት ዱለት፣ ቀን ጥብስ፣ ማታ ቅቅል፣ በማግስቱ ወጥ ወይም አልጫ። ከአንድ በግ አራት ዓይነት ምግብ ይወጣል። ሽንኩርቱ ተደማምሮ 3 ኪሎ አይሞላም። ለ15 ሰው ሁለት ቀን ይበቃል። ቅቅሉን ልጅም አዛውንትም ይበላዋል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የኔ ልጅ በርበሬ ስለማይችል ስንት በዓል ደረቅ እንጀራና እንቁላል ብቻ በልቶ አሳልፏል።

የበግ ችግሩ ቦታ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለምትኖሩ ማለቴ ነው። አንድ ጊዜ ከዋዜማው ገዝተን በረንዳ ላይ አሳደርነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ብሎኩን በሙሉ ቀሰቀሰ። ጠዋት ደግሞ የጋራ ማረጃው ሰልፍ ነበረው። አሁን ግቢ ያለው ዘመድ ቤት ነው የምናርደው። ቆዳውም ጣጣ ሆኗል። ድሮ «ቆዳ አለ?» እያለ በየሰፈሩ የሚዞር ገዢ ነበር። አሁን በበዓል ማግስት በየመንገዱ የተጣለ ቆዳ ማየት የተለመደ ነው። አሳፋሪ ነው። ግን ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ቅርጫ ለሥጋ ወዳድ ቤት በኪሎ ሲሰላ ብዙውን ጊዜ ከሥጋ ቤት ይረክሳል። ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ተሰብስቦ አንድ በሬ ይገዛል። ጎህ ሲቀድ ይታረዳል፣ በመደብ በመደብ ይከፈላል፣ ዕጣ ይወጣል። ሚዛን የለም። ዓይን ነው የሚመዝነው። ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም፣ ከሻኛውም፣ ከቅልጥሙም ለየመደቡ ይደርሳል። ለእኔ የቅርጫ ትልቁ ጥቅሙ ከምግቡ በላይ ጠዋቱ ነው። ዓመት ሙሉ ሰላምታ ብቻ የተለዋወጥኩት ጎረቤት ጋር ቢላ እየተቀባበልኩ የምቆምበት ሌላ ቀን የለኝም። ችግሩ ሥጋው በአንድ ጠዋት ክምር ብሎ መምጣቱ ነው። ፍሪጅ የሌለው፣ ወይም መብራት የሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው ሙሉ መደብ ከመውሰዱ በፊት ያስብበት። ግማሽ መደብ ለሁለት መካፈል ነውር አይደለም።

እንቁጣጣሽ የበግ ነው

አሁን ወደ ወቅቱ ልግባ። መስከረም 1 ክረምት ገና አልወጣም። እንደ መቂ፣ ባቱና ፎገራ ካሉት ቦታዎች በመስኖ የሚመጣው ጥሩ ሽንኩርት ያለቀበት ጊዜ ነው። ገበያ ላይ ያለው ውድ ነው፣ ርጥብ ነው፣ ቶሎ ይበሰብሳል። ለዶሮ ወጥ ከዚህ የባሰ ወር የለም። እኛ ግን አዲስ ዓመት ስለሆነ ብቻ ከሽንኩርቱ ጋር እንታገላለን።

በጉ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ክረምቱን ሙሉ ለምለም ሣር ሲግጥ ከርሟል። ሾላ ሂዱ፣ ካራ ሂዱ፣ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። በክረምት የበግ ጠጉር ይርሳል፣ ያብጣል፣ ቀጭኑን ወፍራም ያስመስላል። ስለዚህ በዓይን አትግዙ። ወገቡን በእጅ ዳስሱ። የጀርባ አጥንቱ እንደ መጋዝ ከቆረቆራችሁ ተዉት። ላቱን ጨብጡ። ጥርሱን እዩ፤ ሁለት ቋሚ ጥርስ ያወጣ በግ ሥጋው ሞልቶ ገና ያልጠነከረ ነው። ሻጩ «አንተ በግ ታውቃለህ እንዴ?» ብሎ ሊያሳፍራችሁ ይሞክራል። አታውቁም ብሎ ቢያስብም ዳስሱ።

ሌላም ምክንያት አለ። ፍልሰታ የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሆዳችን ከሥጋ ጋር ከታረቀ ሁለት ሳምንት አልፎታል። እንደ ፋሲካ «ሌሊት ተነሥተን ካልበላን» የሚል ጉጉት የለም። ጠዋት ተነሥቶ፣ በግ አርዶ፣ ተረጋግቶ ቀን ላይ መብላት ይቻላል።

ግን ቀኑን እዩ። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ይጾማል። የ2017 መስከረም 1 ረቡዕ ነበር። የ2019 ደግሞ ዓርብ ነው የሚውለው። ብዙ ቤት እንዲህ ሲሆን በዓሉ እንደተበላሸ ይቆጥረዋል። እኔ ተቃራኒውን ነው የማስበው። መስከረም እንደሆነ የእሸት ወር ነው። የበቆሎ እሸት አለ፣ ጥብሱም ቅቅሉም። በየደጋው የባቄላ እሸት መድረስ ይጀምራል። ጎመኑ በዓመቱ ከሚያምርበት ጊዜ አንዱ ነው። እነዚህ በሥጋ ቀን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። በ2017ቱ ረቡዕ አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ ጎመንና የበቆሎ ቅቅል ቀረበ። ሥጋው ለሐሙስ ተቀጠረ። ልጆቹ እስከ ዛሬ ድረስ የሚያወሩት ስለ በቆሎው ነው። ግቢ ውስጥ በከሰል ራሳቸው ስለጠበሱት ይሆናል።

መስቀልን ባጭሩ

መስቀል ላይ ብዙ ማማረጥ የለም፤ ክትፎ ነው። ጉራጌዎች ለዚህ ቀን ዓመት ሙሉ ይዘጋጃሉ። ሴቶቹ ቅቤውን ያጠራቅማሉ፣ ወንዶቹ ለበሬው ይቆጥባሉ። ወቅቱም ይደግፋቸዋል፤ ሣር ስላለ ወተት አለ፣ ወተት ካለ ቅቤና አይብ አለ። ጎመኑም ገና ለግላጋ ነው። ቆጮው ከተገኘ ሌላ ምን ይፈለጋል?

መምረጥ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥሬ፣ ለብ ለብ ወይስ የበሰለ። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና ለታመመ ሰው የበሰለ ብቻ። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያመጣል፤ ለብ ለብ ማለትም አያድንም። ይሄን ጠረጴዛ ላይ ስናገር «ጀመረው ደግሞ» ይሉኛል። ቢሆንም እናገራለሁ።

ገና የቅርጫ ነው

ገና ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ፀሐይ። ሥጋ በብዛት ቤት የሚገባ ከሆነ ከዚህ የተሻለ አየር የለም። ምክንያቱ ቋንጣ ነው።

የቅርጫን ሥጋ በአንድ ቀን መጨረስ አይቻልም። ፍሪዘር ያለው ያስቀምጣል፤ የሌለው በስሱ ዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ቀብቶ፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ይሰቅለዋል። በታኅሣሥና በጥር ደረቅ አየር ቋንጣው በሳምንት ውስጥ ኩርምት ይላል። ጥምቀት ደግሞ 12 ቀን ብቻ ነው የሚቀረው። የገናው ቅርጫ ለጥምቀት ቋንጣ ፍርፍር ይሆናል። አንድ በሬ፣ ሁለት በዓል።

ይሄንኑ በእንቁጣጣሽ ሞክረን ነበር። እኔ ነኝ ሐሳቡን ያመጣሁት፣ ጥፋቱም የኔ ነው። ሰማዩ ለሦስት ቀን ሳይገለጥ ቀረ። በአራተኛው ቀን ሥጋው ላይ አረንጓዴ ነገር ታየ። ግማሽ መደብ ሙሉ ሥጋ ጉድጓድ ገባ። ወንድሜ አሁንም ዝናብ ሲዘንብ «ቋንጣህን አስገባ» ይለኛል።

ለጾሙ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የገና ጾም ኅዳር 15 ተይዞ ከ40 ቀን በላይ ይቆያል። ከዚያ ሁሉ ቀን ሽሮና ጎመን በኋላ ጎህ ሲቀድ ቁርጥ ላይ መውደቅ ሆድን ማስቆጣት ነው። የኛ ቤት መፍትሔ ይሄ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለሌሊቱ አንዲት ዶሮ፣ በቃ አንዲት ብቻ። 2 ኪሎ ሽንኩርት ማንንም አይገድልም። ቀን ላይ ጥብስ። ቁርጡ ለማግስቱ። በነገራችን ላይ ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉም ይበላባቸዋል። የ2018 ገና ረቡዕ ነበር፤ ቅርጫችንን ያለ ምንም ችግር በላን። እንደ እንቁጣጣሽ አይደሉም። በዋዜማው ያለው ገሃድ ግን ይጾማል።

መጠጡም ለገና ያደላል። የማር ዋናው ቆረጣ አደይ አበባውና መች የሚባለው ተክል ካበቡ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። አዲሱን ማር ያን ጊዜ ገዝቶ በኅዳር መጨረሻ ጠጅ ከተጣለ ለገና ይደርሳል። እኛ ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውሃ እናደርጋለን። አንዳንዱ አራት ያደርጋል፤ ይቀጥናል። ለልጆቹ ከዚያው ማር ብርዝ ይበጠበጣል። ለፋሲካ ጠጅ መጣልም ይቻላል፤ ማሩ ግን የከረመ ነው። የለመደ ምላስ ይለየዋል። ጠላን በተመለከተ፣ ለእንቁጣጣሽ የምትጠምቁ ከሆነ በክረምት ብርድ እንደሚዘገይ አስቡ። ቀኑን ሳይጨምር የጠመቀ ሰው በዓሉን ባልደረሰ ጠላ ያሳልፋል።

ፋሲካ የዶሮ ነው

እማዬ እዚህ ላይ አሸንፋለች። ለፋሲካ ዶሮ ወጥን የሚተካ የለም። የምለው ለእሷ ብዬ ብቻ አይደለም። በበጋው የመስኖ ሽንኩርት ይገባል። ደረቅ ነው፣ ድስት ውስጥ ውሃው ቶሎ ያልቃል፣ ሲቁላላ ይጣፍጣል። የክረምቱ 2 ኪሎና የሚያዝያው 2 ኪሎ አንድ አይደሉም። የፋሲካው ቁሌት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይደርሳል፤ ሰዓት ይዤ አይቻለሁ።

በጉ ደግሞ በሚያዝያ የበጋውን ድርቅ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የተቀለበ ሙክት ካልሆነ በቀር አጥንቱ ይቆጠራል። ለሙክት የሚከፈለው ደግሞ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። ጾሙ የሚፈታው ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ነው። ዶሮው ቅዳሜ ተሠርቶ አድሮ፣ ሌሊት ሞቅ ብሎ ይቀርባል። በዚያ ሰዓት በግ የሚያርድ ማን ነው?

55 ቀን የከረመ ሆድ ቀስ ተብሎ ነው የሚቀሰቀሰው። የድሮ ሰዎች ይሄን ከኛ በላይ ያውቁ ነበር። ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን አለ። ለፍስኩ መጀመሪያ ተልባ ይጠጣል፤ አንጀት ያለሰልሳል። እኛ ቤት ተልባው ቀርቶ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ሚያዝያ 4 ተመለሰ። ያመጣችው የ14 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት ሰምታ። ከሁላችንም በጠዋት የተነሣችው እሷ ነበረች።

የፋሲካ ዶሮ ዋጋው ይንራል፣ ሁሉም ስለሚፈልገው። ሁለት ሳምንት ቀድሞ ገዝቶ ቤት መቀለብ ይቻላል። ግን ሴት ዶሮ ግዙ። አውራ ዶሮ ገዝተን ከታች ያሉት ጎረቤት በሦስተኛው ቀን «ልጄ፣ መቼ ነው ፋሲካ?» ብለው ጠይቀውናል።

አንድ የምንረሳው ነገር አለ። ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀኖች ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ታዲያ ለምንድን ነው ዶሮውን፣ በጉን፣ ክትፎውንና ጥብሱን በአንድ እሁድ የምንከምረው? እኛ ዘንድሮ ፋሲካን በዶሮ ብቻ አሳልፈን በጉን ለዳግማይ ትንሣኤ አስቀረነው። በሳምንቱ የበግ ገበያው ጋብ ብሎ ነበር። የታመመም፣ የተነፋም ሰው አልነበረም።

ቤት ይሠራ፣ ይታዘዝ ወይስ ግማሽ በግማሽ?

ሙሉ በሙሉ ማዘዝን አንድ ጊዜ ሞክረናል። ስሙን አልጠራም። ዶሮው ለቀኑ 6 ሰዓት ተብሎ 10 ሰዓት ደረሰ። እንቁላሉ ከሰው ቁጥር 4 ያንሳል። ጨው የበዛበት ነበር። ጥሩ የሚሠሩ ሴቶች ሞልተዋል፤ ግን በበዓል ቀን ስንት ድስት እንደያዙ አስቡት። ማዘዝ ከፈለጋችሁ ለዋዜማው አስመጡ። ብልቱንና እንቁላሉን በቁጥር ተነጋገሩ፤ «ለ10 ሰው» የሚለው አነጋገር አያስተማምንም።

እኔ የምመክረው መካከለኛውን ነው። የዶሮ ወጥ ጣዕሙ ያለው ማቁላላቱና ቅመሙ ላይ ነው። መላጡና መክተፉ ላይ ምንም ምሥጢር የለም። ስለዚህ ያንን አውጡት። በበዓል ሰሞን ሽንኩርት በማሽን የሚፈጩ ቤቶች በየገበያው አሉ። ገበያ ላይ አርደው የሚነጩ ልጆችም አሉ። ሜሪላንድ ያለችው እህታችን በዚህ ከኛ ቀድማለች። ገና እዛ ጃንዋሪ 7 የሥራ ቀን ስለሆነ በዓሉን ቅዳሜ ታደርገዋለች። ቁሌቱን ግን ከሦስት ሳምንት በፊት አብስላ ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጣለች። እንጀራው አይዳሆ ከበቀለ ጤፍ ነው። ሱቅ የምታገኘው ዶሮ በ8 ስለሚቆረጥ ሙሉውን ገዝታ ራሷ በ12 ትበልተዋለች። «ከአገር ይዤ የመጣሁት እሱን ብቻ ነው» ትላለች።

ከእሷ የቀዳነው ይሄን ነው፤ ግንቦት ላይ ሽንኩርቱ ጥሩ ሳለ ቁሌት አብስሎ ማስቀመጥ። ለእንቁጣጣሽ የግድ ዶሮ ካስፈለገ የክረምቱን ሽንኩርት ማለፍ ይቻላል። መብራት ለረጅም ጊዜ የሚጠፋበት ሰፈር ግን አትሞክሩት።

ድፎ ዳቦስ? እዚህ ላይ አልደራደርም። የዳቦ ቤቱ ድፎ መልኩ ያምራል፤ የኮባ ቅጠሉ ሽታ ግን የለውም። ሊጡን ቤት አቡክቶ ዳቦ ቤት መጋገሪያ ውስጥ ማስገባትስ? እሱ ጥሩ ነው። ኮባው ይኑር፣ ጥቁር አዝሙዱ ይኑር፣ እሳቱ የማንም ይሁን።

ማን ቤት?

ፎቶው የተነሣው በዚህ ጉዳይ ነበር። ምግቡን ብንቀይርም ሁሉም ነገር እማዬ ቤት ከተሠራ ልጣጩ እዚያው ነው።

ሦስት ነገር ሞክረናል። በየተራ ማዘጋጀት፤ ይሄ የሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እማዬ እንግዳ ሆና መቀመጥ አልቻለችም፤ ወጥ ቤት ገብታ የሰው ድስት ስታማስል ተገኘች። ሁለተኛው እሷ ቤት ሆኖ ሁሉም አንድ አንድ ነገር ይዞ መምጣት። ይሄ ለገና ሠርቷል፤ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ አይብና ጎመን፣ አንዱ መጠጥ። ቀድሞ ካልተከፋፈለ ግን ሦስት ሰው ለስላሳ ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው ከዋዜማው እሷ ቤት ሄዶ አብሮ መሥራት ነው። ለፋሲካ እንዲህ አደረግን። ወንዶቹ ላጥን። እማዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ «ወፍራም ነው፣ አቅጥን» ስትል ዋለች። ለእኔ ከሦስቱ ይሄ ይበልጣል። አስቸጋሪነቱ ቅዳሜን በሙሉ መፈለጉ ነው፤ ሥራ ያለው ሰው አይችለውም።

ስለ እንግዳም ላንሣ። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፤ የኛን ዕርድ አይበሉም። ለእሳቸው ሳህን ድፎ፣ ጎመንና ምስር ቀድሞ ይቀመጣል። እሳቸውም በአረፋ ለኛ ጾም የሚስማማውን ይልካሉ። የእሳቸው በዓል በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቱን ሁሉ ይዞራል። አንዳንዴ የክረምት በግ፣ አንዳንዴ የበጋ በግ ይደርሳቸዋል። «እናንተማ ወራችሁ የታወቀ፣ ምን ያጨቃጭቃችኋል?» ይሉናል።

ይሄን የምጽፈው ክረምት ላይ ነው። መጪው እንቁጣጣሽ ዓርብ ስለሆነ ተስማምተናል፤ ዓርብ እሸትና የጾም ምግብ፣ ቅዳሜ በግ። በጉን ወንድሜ ይገዛል፣ እኔ እዳስሳለሁ። ግሩፑ ላይ ሁሉም አውራ ጣቱን አስቀምጧል። ውጤቱን ለእማዬ ልነግራት ትናንት ሄድኩ። በጸጥታ ሰማችኝ፣ ራሷን ነቀነቀች፣ «ጥሩ አስባችኋል» አለች። ልወጣ ስል ከጓሮ የዶሮ ድምፅ ሰማሁ።

«አንድ ብቻ ናት» አለችኝ።